ኮሌታውን ሲነካ

ሐሙስ 6

እንግዲህ ተጀመረ። እነሱ መድረክ ላይ፣ እኔ ሶፋ ላይ።

አዳራሹ ሃምሳ ሰው ብቻ ስለሚይዝ ዘንድሮ ትያትሩን በኢንተርኔትም እናስተላልፋለን ብለዋል፤ ሐሙስና ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችልኝና "አክስቴ፣ ቀይዋ ነጥብ ስትበራ ጀመረ ማለት ነው፤ ሌላ ምንም እንዳትነኪ" ብላ ወደ ፋርማሲ ሥራዋ ሮጠች። ነጥቧ ስትበራ ከጎኗ "ቀጥታ" የሚል ጽሑፍ መጣ። ልብሴን ቀይሬ ነበር የተቀመጥኩት። ማን ሊያየኝ እንደሆነ እንጃ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከመድረኩ በስተግራ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንድ እግሯ ያጠረ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ ያቀበልኩ ሰው ነኝ። አስታዋሽ ይሉናል። ትያትራችንን ከፊት ለፊት አይቼው አላውቅም ነበር። የሁሉንም ጆሮና ማጅራት ነው የማውቀው። ቀጭኗ ተዋናይት ለካ ቆንጆ ናት።

አንጋፋው ተዋናያችን ጋሼ አባት ሆኖ ይጫወታል። ሴት ልጁ፣ ቀጭኗ ማለት ነው፣ ቤቱን ሸጦ እሷ ጋ እንዲገባ ትለምነዋለች፤ እሱ ደግሞ ከቤቱ የማይወጣበት የደበቀው ምክንያት አለ። ጥሩ ነበር። ኮሌታውን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነካው።

ጽሑፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ ነው ያየሁት። ልማድ ነው።


ቅዳሜ 8፣ ጠዋት

ጋሼ ደወለ። "ጉልበትሽ እንዴት አደረ?"

"ያው ነው" አልኩት።

"ደረጃው ነው የፈጀሽ" አለ። እውነቱን ነው፤ አዳራሹ ከአንድ የአልጋና ወንበር መሸጫ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። አርባ አንድ ደረጃ። ለዚህ ነው ጉልበትን የመረጥኩት።

መረጥኩት ብዬ ጻፍኩ እንዴ? ይሁን። ይህን ደብተር ከኔ በቀር የሚያነበው የለም።

ጉልበቴ ደህና ነው። የመጨረሻው ልምምድ ቀን ለጋሼ ሻይ ይዤለት ስመጣ የልብስ መቀየሪያው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። አዘጋጃችን ልምምድ ላይ ፊሽካ ስለሚነፋ ፊሽካው ነው የምንለው። "ጋሼ፣ ዘንድሮ አስታዋሽ የምር ያስፈልገናል? አሁን እኮ የትም የለም" ይለዋል። ጋሼ ሳቅ አለና "ለኔማ ምን ታደርግልኛለች፤ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ ብዬ ነው እንጂ" አለ።

ሻዩን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። አርባ አንዱንም ቱር ቱር እያልኩ፣ እንደ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ። ቤት ስደርስ ለፊሽካው "ጉልበቴ አልቻለም፤ ሐኪሙ ደረጃ ከልክሎኛል" ብዬ ጻፍኩለት። ሐኪሙንም ፈጠርኩት።

ሌላም ነገር አለ። እሱን ዛሬ አልጽፈውም።


ቅዳሜ፣ ማምሻውን

አምስት ጊዜ ነካ። ቀጭኗ ሸፈነችለት። ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ እሷ ስለሸፈነችለት ነው።


ሐሙስ 13

ዘጠኝ ጊዜ። ቆጠርኩ።

ኮምፒውተሩ ላይ ከሥዕሉ ሥር ተመልካቹ ከየቤቱ ይጽፋል። አንዱ "ሽማግሌው ኮሌታውን የሚነካካው ነገር ግሩም ትወና ነው፤ ጭንቀቱን በእጁ ብቻ አሳየን" አለ። ሃያ ሰባት ሰው ወደደለት። ማንም የማያውቀውን ነገር እኔ ብቻ አውቄ ሶፋ ላይ ተጎልቻለሁ።

ይኸው ልጻፈው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጋሼ "እስቲ እንጫወት፤ ኮሌታዬን ስነካ አቀብይኝ፣ ማንም ሳይነቃ" አለኝ። እንደ ቀልድ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ይነካል። ቀጥሎ በየቀኑ። ባለፈው ዓመት ሁለተኛውን ክፍል ከሞላ ጎደል እኔ ነኝ ቃል በቃል ያቀበልኩት፤ እሱ ድምፁን ሰጠው። አንድ ቀን ከልምምድ ስንወጣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆም ብሎ "ዛሬ ደግሞ በሌላ በኩል እንሂድ" አለኝ፤ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ እንደጠፋው ገባኝ። "እኔም በዚህ በኩል ጉዳይ አለኝ" ብዬ በሩ ድረስ ወሰድኩት። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ታዲያ "ለኔማ ምን ታደርግልኛለች" ሲል ዋሽቶ እንደነበር አላውቅም? ሰው ፊት እንዳይዋረድ ያለው እንደሆነ አልገባኝም? ገብቶኛል። ገብቶኝ ነው ጥዬው የሄድኩት። ያለኔ አንድ ቀን ይሞክረውና ይየው ብዬ ነው።

ይኸው እያየው ነው። እኔም እያየሁ ነው።

ዛሬ ቃል ሲጠፋው ወደ ግራ ዞር ይል ነበር። በርጩማዬ ወደ ነበረበት።


ቅዳሜ 15

ሁለተኛው ክፍል ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለ። ከሥሩ "ሰክሯል" ብሎ አንዱ ጻፈ። ሌላው "ቀመስ አድርጎ ነው የመጣው" አለ። ከዚያ ሳቁ በየተራ መጣ። ያ ባለፈው ግሩም ትወና ነው ያለው ሰውም ስቋል።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት።


ሰኞ 17

ፊሽካው ደወለ። ድምፁ ዛሬ ፊሽካ የለውም። "እትዬ፣ አንቺ ከሁላችንም በላይ ታውቂዋለሽ። ጋሼ መጠጥ ጀምሯል እንዴ?"

"እኔ እንጃ" አልኩ።

ጋሼ ለዓመት በዓል እንኳ የሚቀዱለትን ከንፈሩ ላይ አስነክቶ የሚመልስ ሰው ነው። "አይጠጣም" ማለት ሁለት ትንፋሽ አይፈጅም። ግን "አይጠጣም" ካልኩ "ታዲያ ምን ሆኖ ነው?" ይመጣል፤ ያን ከመለስኩ "አውቀሽ ለምን ሄድሽ?" ይመጣል፤ ከዚያ "ጉልበትሽስ?" ይመጣል። ስለዚህ እኔ እንጃ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ነው የከበደኝ።

የእህቴ ልጅ ጓዳ ሆና ለጓደኛዋ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "ምን ጉልበት አላት ብለሽ ነው፤ ትናንት ወንበር ላይ ቆማ መጋረጃ ስትሰቅል አገኘኋት" ብላ ሳቀች። ቀጥላ "ተዪ፣ የሆነ የሚያሳዝናት ነገር አለ" አለች። ስቃ ብትተወው ይሻለኝ ነበር።


ማክሰኞ 18

እኔው ደወልኩለት። "ጋሼ፣ በስልክ ባቀብልህስ? አንዱን ማዳመጫ ጆሮህ ውስጥ አድርገህ፣ በምታጠልቀው የሽበት ፀጉር ብትሸፍነው? እኔ ከቤት እያየሁ..."

"እኔ እንኳ አያስፈልገኝም" አለ። "ግን አንቺም ቤት ተቀምጠሽ እንዳይሰለችሽ።"

"አዎ ጋሼ፣ ሰልችቶኛል" አልኩት።


ረቡዕ 19

በስልክ ተለማመድን። እሱ ቤቱ፣ እኔ ቤቴ። አንድም ቃል አልጣለም። ድምፄን ሲሰማ እንዴት እንደሚረጋጋ! ኮቱ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ግን ከጨርቁ ጋር እየተሻሸ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ነበር። ነገ የሱን ድምፅ ዝቅ አደርገውና ኮምፒውተሩን አይቼ አቀብለዋለሁ። ቀጥታ ነው እኮ፣ ምን ችግር አለው።

ደረጃውን ሳልወጣ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ሁሉም በነበረበት ሊመለስ ነው። እንዴት እስካሁን አልታየኝም?


ሐሙስ 20

መጻፍ አልችልም።


ዓርብ 21

የመጀመሪያው ክፍል ያለ ችግር አለፈ፤ ኮሌታውን አልነካም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ልጁ ተናዳ ልትወጣ ስትነሳ አባትየው "ልጄ፣ ተቀመጪ፤ ዛሬ የምነግርሽ አለ" ማለት አለበት። ትቀመጣለች፤ ምስጢሩን ይነግራታል። ትያትሩ በዚህች ቃል ላይ ነው የቆመው።

ኮሌታውን ሲነካ አየሁ። ወዲያው "ልጄ፣ ተቀመጪ" አልኩት። ምንም። ዝም ብሎ ቆሟል። አልሰማ ይሆናል ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩለት። አሁንም ዝም። ቀጭኗ የምታደርገው ብታጣ የራሷን ቃል ፈጥራ "እሺ አባዬ፣ ካልተናገርክ ልሂድ" ብላ በሩን ዘግታ ስትወጣ አየሁ። ሄደች። መድረኩ ላይ እሱና ባዶ ወንበር ቀሩ።

ከዚያ ጋሼ ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ "ልጄ፣ ተቀመጪ" አለው። እንደገና፣ ጮክ ብሎ፣ "ልጄ፣ ተቀመጪ!"

ልክ እኔ ባልኩት አነጋገር። በኔው ጩኸት።

አዳራሹ ሳቀ። ሃምሳ ሰው እንዲህ ይስቃል ብዬ አላስብም ነበር። እኔ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ "ጋሼ፣ ተው፣ ሄዳለች፣ ዝም በል" እያልኩ በስልኩ እለፈልፋለሁ። ይህንንም ይሰማው ነበር። መብራቱ ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ ስለ ስልኩ ብቻ። አፏን በእጇ ያዘች። "አክስቴ፣ ይሄ እኮ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ግማሽ ደቂቃ ያህል።"

"ቀጥታ ይላል እኮ" አልኳት።

"ይላል። ቢሆንም ይዘገያል።"

ግማሽ ደቂቃ። ኮሌታውን ሲነካ ባየሁ ጊዜ እሱ ነክቶ፣ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ነበር። እኔ ተቀመጪ በል ስለው ልጅቷ ወጥታለች። እሱ ደግሞ ወንበሩ ባዶ መሆኑን እያየ፣ እኔ ስላልኩት ብቻ አለው። ሁለት ዓመት አሳስቼው ስለማላውቅ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። በርጩማዬ ላይ ብሆን ኖሮ ከአፌ እስከ ጆሮው ሦስት ክንድ ነበር።


ቅዳሜ 22

ትያትር የለም። "በቴክኒክ ችግር ምክንያት" ይላል። ቴክኒኩ እኔ ነኝ።


ሰኞ 24

ፊሽካው ለሁላችንም ጻፈ። የሐሙሱ ይቀራል፤ የፊታችን ቅዳሜ የጋሼ የመጨረሻው ነው፤ ለክብሩ ሲባል አንድ ጊዜ ይጫወትና ከዚያ ወዲያ ራሱ ፊሽካው ይተካዋል። "ሰው ፊት ሰክሮ ለቀረበ ከዚህ በላይ ማድረግ አንችልም።" አርባ ሦስት ዓመት መድረክ ላይ የቆመ ሰው እንዲህ ሊሸኝ ነው።

ጋሼ ደወለ። "ሰከርክ አሉኝ" አለ። "አልተከራከርኳቸውም። ከሌላው እሱ ይሻላል።" ከዚያ፣ "ግን ያልሽኝን እኮ ነው ያልኩት፤ አይደል?"

"አዎ ጋሼ። ያልኩህን ነው ያልከው።"

"እኔም እንደዚያ መሰለኝ" አለ። እፎይ ሲል ተሰማኝ። "ጉልበትሽስ?"

ከሰዓት በኋላ እንደገና ደውሎ ይህንኑ ሁሉ ከመጀመሪያው ነገረኝ፤ ጠዋት እንዳልደወለ ሁሉ። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ መለስኩለት። "ከሌላው እሱ ይሻላል" የሚለውን ሁለተኛ ጊዜ ስሰማ ገባኝ። ለካ ያውቀዋል። ሰካራም መባልን መርጦታል።


ረቡዕ 26

የእህቴ ልጅ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አንድ የጉልበት ቅባት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ጋሼ ፋርማሲ መጥቶ ነበር። ለአክስትሽ ብሎ ገዝቶ ሰጠኝ።" ከዚያ መሳቢያውን ሳበች። ውስጡ ሦስት ሌሎች አሉ፤ አንዱም አልተከፈተም። "በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ነው የሚመስለው። ስንት ጊዜ ልቀበለው?"

"አላውቅም።"

"አክስቴ፣ እኔ ምንም አልጠየቅሁሽም። ቅባቱን ግን ለሰው ልስጠው ወይስ ታሺበታለሽ?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይህን ለልጅቷ አላልኳትም። ፊቴን ታጥቤ መጣሁ ብዬ ተነሳሁ፤ ቶሎም አልተመለስኩም።

እሷ ካስቀመጠቻቸው አራት ቅባቶች ይልቅ የገረመኝ ሌላ ነው። የቤቱ መንገድ የሚጠፋው ሰው እንዴት ነው የኔ ጉልበት የማይጠፋው?


ዓርብ 28

ደረጃው። ፊሽካው። ቀጭኗ። ካሜራ የያዘው። ሁሉም ያዩኛል። ሁሉም ጉልበቴን ያያሉ።

ልሂድ? አልሄድም። ልሂድ።


እሑድ 30

ትናንትን ዛሬ ነው የምጽፈው።

አራት ሰዓት ላይ ለብሼ ጨረስኩ፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። ከወጣሁም በኋላ፣ ይህንንም ልጻፈው፣ ጎረቤቴ ቤት ጎራ ብዬ የእናቷን ምርኩዝ ለመንኳት። እያነከስኩ ብወጣ ለጋሼ ስትል ተሠቃይታ መጣች ይሉኛል ብዬ ነው። እዚህ ድረስ ነው ሰው የሚወርደው። ወንበር ሻጩ ሲያየኝ "አይዞሽ እናቴ" አለኝ። እየተጎተትኩ አሥራ ስምንተኛው ደረጃ ድረስ ወጣሁ። እዚያ አንድ ትንሽ መስኮት አለ። ሻዩን ያን ቀን ያስቀመጥኩት እዚያ ነው። የብርጭቆው ቂጥ ያተመው ክብ እስካሁን አለ። ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ትቼ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ።

ፊሽካው በሩ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ያየው ጉልበቴን ነው። "እትዬ፣ ደረጃውን እንዴት..."

"ጉልበቴ ደህና ነው። ደህናም ነበር። ዋሽቼህ ነው።"

ደፈር ባልኩበት ልጨርሰው ብዬ ቀጠልኩ። "ሐሙስ ዕለት ጋሼ አልሰከረም። በጆሮው በስልክ ሳወራ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሥዕሉ ዘግይቶ እንደሚደርስ አላወቅሁም። ያ ሁሉ ሳቅ የኔ ነው።"

"ጋሼ በስልክ የሚነገረው ለምንድን ነው? ያስፈልገዋል እንዴ?"

ቀጭኗም ካሜራ የያዘውም ሰምተው መጥተዋል። ሦስቱም አፌን አፌን ያያሉ። አንድ ቃል ብሳሳት የሰውየው ምስጢር ሊወጣ ነው።

"ለሱማ ምን አደርግለታለሁ" አልኩ። "እኔ ነኝ የለመንኩት። ሥራዬ እንዳይቀርብኝ ብዬ። ሜዳ ላይ እንዳልወድቅ ብሎ ነው እሺ ያለኝ። በጆሮው እየጮህኩ ግራ ያጋባሁትም እኔ ነኝ።"

ይህን ቃል ስለው ሊያንቀኝ ይገባ ነበር፤ በዚህ ቃል ነው አንድ ወር ሙሉ የተቃጠልኩት። ምንም አላለኝም። እንደ ማንኛውም ቃል ወጣ።

ፊሽካው አፈረም ተናደደም። "ሰካራም ብዬ ለሁሉ ጻፍኩ እኮ" አለ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ "በርጩማሽ እዚያው ነው፤ ማንም አልነካውም" አለኝ።

አሥራ አራት ጊዜ ኮሌታውን ነካ። አሥራ አራቱንም ሰጠሁት። ልጅቷ ልትወጣ ስትነሳ እጁ ወደ ኮሌታው ሄደ፤ ዓይኑን ወደኔ ሳያዞር፣ መኖሬን ሳያውቅ፣ ዝም ብሎ ነካው። "ልጄ፣ ተቀመጪ" አልኩ። "ልጄ፣ ተቀመጪ" አለ። ቀጭኗ ተቀመጠች። ስትቀመጥ የምር እንባዋ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ሳል እንኳ የሳለ የለም።

ካለቀ በኋላ ፊሽካው በአጠገቤ ሲያልፍ "ሐሙስ በጊዜ ነይ፤ ለጋሼም ንገሪው" አለ። ይህንኑ ልነግረው ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁ። መስታወቱ ፊት ተቀምጦ የሽበቱን ፀጉር እያወለቀ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አየኝና በትሕትና ብድግ አለ።

"አንቺ ነሽ ስታቀብይኝ የነበርሽው? ጎበዝ ነሽ" አለኝ። "አዲስ ነሽ?"

ጋሼ እኔ ነኝ ልለው ነበር። ቃሉ ጠፋኝ። የሚያቀብለኝ አልነበረም።

"አዎ" አልኩ።

"ከአንቺ በፊት አንዲት ነበረች" አለ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። "ጉልበቷን ታማ ቀረች። እኔ ነኝ ያሳመምኳት። አንድ ቀን ሰው ፊት ልኩራራ ብዬ ክፉ ነገር ተናገርኩባት። ስወጣ ሻይ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁ፤ ቀዝቅዟል። የኔ ሻይ ነበር፤ ስኳር ሳይገባበት። ሰምታኛለች ማለት ነው።" እጁ ወደ ኮሌታው ሄደ፤ ግን ቃል አልጠፋውም። "ብዙ ነገር ይጠፋኛል። ይቺ ግን አልጠፋ አለችኝ። ብታገኚያት ጉልበቷን ጠይቂልኝ።"

"ተሽሏታል፣ ጋሼ" አልኩት።

"እውነት? ትመጣለች?"

"ሐሙስ ትመጣለች። አንተም ና፤ በጊዜ።"

"እሰየው" አለ። ካፖርቱን አለበስኩት፤ የተቀደደ ገበሩን የሰፋሁት እኔው ነኝ። ደረጃው አፋፍ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ። የሚደግፈኝ እሱ ነበር። "ቀስ በይ" አለኝ፤ "ይኼ ደረጃ የአንዲት ደግ ሴት ጉልበት በልቷል።"

አርባ አንዱንም ቀስ እያልን ወረድን።